ሰው ስለሚገባበት ጽሕፈት



ስለ ፊደል ሲነሣ አስቀድሞ በሐሳባችን የሚመጣው ማንበብና መጻፍ ነው። ደብዳቤው፥ መጽሐፉ፥ ጋዜጣው፥ የመሥሪያ ቤቱ ሰሌዳ ሁሉ የተጻፈው ሊነበብ ነው፤ ከተነበበም በኋላ አገልግሎቱ የተፈጸመ ይመስለናል። በዘመናችን ግን በሥነ ጥበብ ማሳያ አዳራሾች ውስጥ ሌላ ዓይነት ጽሕፈት ይታያል። ይኸውም ግድግዳውን፥ ጣሪያውን፥ አንዳንድ ጊዜም ወለሉን ሞልቶ ተመልካቹን በመካከሉ የሚያቆም ጽሕፈት ነው። ፈረንጆች ይህን ዓይነቱን ሥራ ‹ኢንስታሌሽን› ይሉታል፤ እኛም ስፍራን የሚሞላ የጥበብ ሥራ ብንለው ትርጉሙ ይገባል። በዚህ ንግግራችን የዚህ ሥራ ጠባይ ምን እንደሆነ፥ እንዴትስ እንደሚታይ፥ ለኢትዮጵያውያንም ፈጽሞ እንግዳ ነገር አለመሆኑን በአጭሩ ለማስረዳት እንወዳለን።

እንዲህ ወዳለው አዳራሽ የገባ ሰው ብዙ ጊዜ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል። «ሥዕል እንዳልለው የሰው መልክ የለበት፤ መጽሐፍ እንዳልለው ሊነበብ አይችል፤ ታዲያ ምንድን ነው?» ይላል። ጥያቄው የሚያስነቅፍ አይደለም። ያልገባውን ገብቶኛል ብሎ ራሱን ከሚነቀንቅ ሰው ይልቅ እንዲህ ብሎ የጠየቀ ሰው ወደ እውነቱ የቀረበ ነው። ስለዚህ መልሱን ደረጃ በደረጃ እንፈልገው።

በአዲስ አበባ ዙሪያ በሚገኙት ከተሞች፥ በለገዳዲ፥ በሰበታ፥ በቡራዩ፥ በሱሉልታ የሚኖር ሰው ጠዋት ተነሥቶ ወደ መሐል ከተማ ሲሄድ በመንገዱ ግራና ቀኝ ስንት ጽሕፈት እንደሚያልፍ ያስበው። የሱቁ ስም፥ የመድኃኒት ቤቱ ሰሌዳ፥ በታክሲው መስተዋት ላይ የተለጠፈው ጥቅስ፥ የሚከራይ ቤት ማስታወቂያ፥ በኦሮምኛ በላቲን ፊደል፥ በአማርኛ በግዕዝ ፊደል፥ በእንግሊዝኛም ጭምር ተጽፎ ይታያል። መንገደኛው በጽሕፈት መካከል ይሄዳል፤ ሆኖም የሚፈልገውን ስም ካገኘ በኋላ የፊደሉን መልክ ልብ አይለውም። የአዲስ አበባ ሰው ከለገዳዲ ግድብ የመጣለትን ውሃ እየጠጣ ግድቡን እንደማያስታውሰው ሁሉ፥ እኛም በፊደል ስንገለገል ፊደሉን አናየውም። ማንበብ ከለመድን በኋላ ዓይናችን ፊደሉን አልፎ ወደ ትርጉሙ ይሮጣልና።

ይህ እውነት መሆኑን ለመፈተን የሚሻ አንባቢ ይህን ጋዜጣ ገልብጦ ይያዘው። ያን ጊዜ ቃሉ ይጠፋና መልኩ ይቀራል። ‹መ› ሁለት ክብ ሆኖ፥ ‹ጠ› ሦስት እግሩን ወደ ላይ ሰቅሎ፥ ‹ሐ› ደግሞ እንደ መንሽ ሆኖ ይታያል። አንዱ ወፍራም፥ አንዱ ቀጭን፥ አንዱ አንገቱን ያዘነበለ፥ አንዱ ወገቡን የያዘ መሆኑን ያስተውላል። በሕፃንነታችን ከፊደል ገበታ ፊት ቁጭ ብለን በስንደዶ እየጠቆምን ሀ ግዕዝ፥ ሁ ካዕብ ስንል ያየነው ይህንኑ መልክ ነበር። ሠላሳ ሦስቱን ፊደላት በሰባት ሰባት መልክ ብንቆጥራቸው 231 ይሆናሉ፤ እነዚህን ሁሉ አንድ በአንድ ያጠናናቸው በመልካቸው ነው። ማንበብ ከቻልን ወዲህ ግን ረሳናቸው። እንግዲህ ጽሕፈትን ስፍራ አድርገው የሚሠሩት የጥበብ ሰዎች የመጀመሪያ ዓላማቸው ይህን የተረሳውን መልክ መመለስ ነው።

ከውጭ አገር ሥራዎች መካከል በዚህ ረገድ ስሙ በጣም የታወቀው የቻይናው ሠዓሊ የሹ ቢንግ ሥራ ነው። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1987 ጀምሮ ከ4000 የሚበልጡ የቻይና ፊደል የሚመስሉ ምልክቶችን በእንጨት ላይ ቀረጸ። ምልክቶቹ የቻይና ፊደል አጣጣል ይኑራቸው እንጂ አንዳቸውም እውነተኛ ፊደል አይደሉም፤ ሁሉንም የፈጠራቸው እርሱ ነው። በእነዚህ ቅርጾች መጻሕፍት አተመ፤ ረዣዥም ወረቀቶችንም አትሞ በአዳራሹ ጣሪያ ላይ እንደ ድንኳን ዘረጋ፤ ግድግዳውንም ሸፈነበት። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1988 በቤጂንግ ለሕዝብ ታየ። ‹ከሰማይ የመጣ መጽሐፍ› በሚል ስም የታወቀው ይኸው ነው። ቻይንኛ ማንበብ የሚችል ሰው ወደ አዳራሹ ሲገባ ወዲያው የሚያነብ ይመስለዋል፤ ጠጋ ሲል ግን አንዲት ቃል እንኳ አያገኝም። የተማረውም ያልተማረውም በዚያ አዳራሽ እኩል ይሆናሉ። ሥራው በአገሩ ብርቱ ነቀፌታ ደርሶበታል፤ ነገር ግን ዛሬ ስለ ጽሕፈትና ስለ ሥዕል በሚነገርበት ስፍራ ሁሉ ይጠቀሳል። አሜሪካዊቱ ጄኒ ሆልዘር ደግሞ በሌላ መንገድ ሄዳለች። እርስዋ የምትጽፈው ሊነበብ የሚችል አጭር ዓረፍተ ነገር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1989 በኒውዮርክ በጉገንሃይም ሙዚየም ጠመዝማዛ ሰገነት ዙሪያ ጽሕፈቱን በኤሌክትሪክ ብርሃን እንዲሮጥ አድርጋለች። ቆሞ የሚያነበው ሰው አንገቱን እያዞረ ይከተለዋል እንጂ እንደ መጽሐፍ በእጁ ሊይዘው አይችልም።

ይህን የሰማ አንባቢ «ይህ የቻይናና የአሜሪካ ጉዳይ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» ይል ይሆናል። ነገር ግን ወደ አገራችን ጥንታዊ ልማድ መለስ ብለን ስንመለከት፥ ሰውን በመካከሉ የሚያቆም ጽሕፈት በእኛ ዘንድ ከብዙ ዘመን በፊት እንደነበረ እናገኛለን። ይኸውም በብራና የሚጻፈው ክታብ ነው።

ክታብ እንዴት እንደሚሠራ በዝርዝር መናገሩ ይጠቅማል። ደብተራው የበግ ወይም የፍየል ቆዳ ዘፍዝፎ፥ በእንጨት ላይ ወጥሮ፥ ፍቆና አለስልሶ ብራና ያደርገዋል። ብራናውን በጠባቡ ይቀድና ቁራጮቹን ጫፍ ለጫፍ በቀጭን የቆዳ ጠፍር ይሰፋቸዋል። ርዝመቱን የሚወስነው በክንድ ወይም በስንዝር ቆጥሮ አይደለም፤ ክታቡ የሚጻፍለትን ሰው ቁመት ለክቶ ነው። ይህም ጸሎቱ ባለቤቱን ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ እንዲጠብቀው ታስቦ ነው። ከዚያ በኋላ በመቃ ብዕር ጸሎቱን በጥቁር ቀለም ይጽፋል፤ የጸሎቱን መነሻና የከበሩ ስሞችን በቀይ ያደርጋል። በጽሕፈቱም መካከል የባለቤቱን የክርስትና ስም እየደጋገመ ያስገባል። ክታቡ ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው ሲተላለፍ የፊተኛው ስም ተፍቆ የኋለኛው ስም የተጻፈባቸው ብራናዎች ይገኛሉ።

ከጽሕፈቱ መካከል ሥዕል አለ። ሰይፍ የመዘዘ መልአክ፥ በፈረስ ተቀምጦ ውርዝልያን የሚወጋ ቅዱስ ሱስንዮስ፥ ስምንት ጫፍ ያለው ኮከብ፥ በመካከሉም ፊት፥ በየማዕዘኑ ዓይን ይሣላል። ይህ ሥዕል ጠልሰም ይባላል። ክታቡ አንዳንድ ጊዜ ተጠቅልሎ በቆዳ ማኅደር ተሰፍቶ በአንገት ይታሰራል፤ አንዳንድ ጊዜም ተዘርግቶ በበሽተኛው አልጋ አጠገብ በግድግዳ ላይ ይሰቀላል። በሽተኛው ወደ ጠልሰሙ ዓይን ይመለከታል፤ በእርሱ ላይ ያደረው ክፉ መንፈስም በበሽተኛው ዓይን በኩል ያንን ዓይን አይቶ ደንግጦ ይሸሻል ተብሎ ይታመናል። ከጸሎቱም ውስጥ አስማት የሚባሉ ቃላት አሉ፤ ብዙዎቹ በግዕዝም ሆነ በአማርኛ ፍች የላቸውም። በሽተኛው ብዙ ጊዜ ግዕዝ አያውቅም፤ እንዲያውም ፊደል አልቆጠረ ይሆናል። ሆኖም ክታቡ የተሠራው ለእርሱ ነው፤ ስሙ ተጽፎበታል፤ በቁመቱም ተለክቷል።

በዚህ ስፍራ አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አይገባንም። ከቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ብዙዎቹ የአስማትን ነገር አጥብቀው ይነቅፋሉ። የታመመም ሰው ሐኪም ቤት መሄድ እንዳለበት የማያጠራጥር ነው። እኛም ክታቡን ያነሣነው መድኃኒትነቱን ለመመስከር አይደለም። ጽሕፈትና ሥዕል በአንድነት ሆነው ለአንድ ሰው አካል እንዴት እንደሚመጠኑ የሚያሳይ፥ ከእጃችን የወጣ ምስክር ስለሆነ ነው።

የጉዳዩም ፍሬ ነገር ይኸው ነው። መጽሐፍ ባንከፍተውም መጽሐፍ ነው፤ ተዘግቶ በሣጥን ቢቀመጥ ቃሉ አይጎድልም። ክታብ ግን ያለ ባለቤቱ ጎደሎ ነው፤ ቁመቱ የማን እንደሆነ፥ ዓይኑም ማንን እንደሚያይ አይታወቅም። ስፍራን የሚሞላ ጽሕፈትም እንደዚሁ ነው። አዳራሹ ባዶ ሲሆን ሥራው ገና አልተፈጸመም፤ ሰው ገብቶ በመካከሉ ሲቆም፥ ዓይኑ ከግድግዳ ወደ ጣሪያ ሲሄድ፥ ጥላው በጽሕፈቱ ላይ ሲያርፍ ያን ጊዜ ይፈጸማል። ስለዚህ «ምን ይላል?» ከሚለው ጥያቄ በፊት «እኔ የት ቆሜአለሁ? ምንስ ያየኛል?» ብሎ መጠየቅ ይገባል።

የአገራችን ዘመናዊ ሠዓልያንም ይህን ነገር አስተውለውታል። በ1950 ዓ.ም. በአለ ፈለገ ሰላም የተቋቋመው የአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የአውሮፓን የአሣሣል ዘዴ ለማስተማር የተጋ ቢሆንም፥ ከዚያ ያስተማሩትና የተማሩት ብዙዎቹ ዓይናቸውን ወደ ብራናው መልሰዋል። እስክንድር ቦጎስያን በ1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተወልዶ፥ በለንደንና በፓሪስ ተምሮ፥ ወደ አገሩ ተመልሶም በዚሁ ትምህርት ቤት አስተምሯል። በኋላም በዋሽንግተን በሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመታት መምህር ነበረ። የክታብን ቅርጽና ምልክት በሥዕሉ ውስጥ አስገባ፤ በቆዳና በዛፍ ልጥ ላይም ሣለ። እ.ኤ.አ. በ2001 ከሠዓሊዋና ከገጣሚዋ ከከበደች ተክለአብ ጋር ሆኖ በዋሽንግተን የኢትዮጵያ ኤምባሲ ግድግዳ ላይ በአሉሚኒየም የተሠራ ትልቅ ሥራ አቆመ። በሥራውም ከልዩ ልዩ የኢትዮጵያ ሃይማኖቶች የተወሰዱ ምልክቶች ይታያሉ። እስክንድር እ.ኤ.አ. በ2003 በዚያው በዋሽንግተን ዐረፈ።

ከእርሱ ተማሪዎች መካከል ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍ ፊደልን የሥዕሉ ዋና ጉዳይ በማድረግ የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 በአዲስ አበባ ተወለደ፤ በ1972 ከሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ፥ በ1980 ደግሞ ከሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተመረቀ፤ ኑሮውንም በካሊፎርኒያ አደረገ። ወሰኔ የግዕዝን ፊደል ይዘረጋዋል፥ ይቆርጠዋል፥ ያጥፈዋል፥ ይገለብጠዋል፤ ቀለም ላይ ቀለም ይደራርብበታል። አማርኛ የሚያውቅ ሰው ሥራውን ሲያይ የሚታወቅ ፊደል እዚህም እዚያም ብቅ ይልለታል፤ ቃል ለማድረግ ሲሞክር ግን ያመልጠዋል። ከሥራዎቹ የተወሰኑት በዋሽንግተን በስሚዝሶኒያን የአፍሪካ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ይገኛሉ፤ ይኸው ሙዚየምም እ.ኤ.አ. በ2007 ስለ ጽሕፈትና ስለ አፍሪካ ጥበብ ብቻ የተዘጋጀ ትልቅ ትርኢት አሳይቷል። ዘሪሁን የትምጌታ ደግሞ በአዲስ አበባ ሆኖ ቀጫጭን የቀርከሃ ስንጥቆችን ጎን ለጎን እያሰለፈ በላያቸው ይሥላል፤ ስንጥቁም እንደ ክታብ ጠባብና ረዥም ነው።

ከእነዚህ ከተማሩ ሠዓልያን ሌላ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያደጉ ሁለት ባለሙያዎች ነበሩ፤ ጌራና ጌዴዎን ይባሉ ነበር። እነርሱ የጠልሰምን ጥበብ ከአባቶች ወርሰው በወረቀት ላይ በብዙ ቀለም አስፋፍተውታል። ፈረንሳዊው ተመራማሪ ዣክ መርሲዬ ከእነርሱ ጋር ለብዙ ጊዜ ሠርቶ ይህን ጥበብ ለዓለም አስተዋውቋል፤ ክታቦችም እ.ኤ.አ. በ1992 በፓሪስ፥ በ1997 በኒውዮርክ በትልልቅ ትርኢቶች ላይ ቀርበዋል።

ይህ በአንድ ወገን የሚያስደስት ነው፤ በሌላ ወገን ግን ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለው። ለአንዲት እናት በቁመትዋ ተለክቶ፥ በክርስትና ስምዋ ተጽፎ በአልጋዋ አጠገብ የተሰቀለ ብራና፥ በባሕር ማዶ በመስተዋት ውስጥ ሲታይ መልኩ ይቀራል፤ ሰውየዋ ግን የለችም። የሚያየው ሰው ግዕዝ ስለማያውቅ ስምዋን እንኳ ሊያነበው አይችልም። ክታብ እየተቆራረጠ ሥዕሉ ለብቻው፥ ጽሕፈቱ ለብቻው ሲሸጥ ደግሞ ጉዳቱ የባሰ ነው፤ ቁመቱ ከጠፋ ልኩ ጠፍቷልና። ስለዚህ በቤቱ የአያቶቹን ብራና ያገኘ ሰው አንዲት ነገር ያድርግ፤ ከመሸጡ ወይም ከመጣሉ በፊት ግዕዝ የሚያውቅ ሰው አስጠርቶ በውስጡ ያለው ስም የማን እንደሆነ ያስነብብ፥ ይጻፈውም። ስሙ ከታወቀ ብራናው የሰው ታሪክ ይሆናል፤ ካልታወቀ ግን የገበያ ዕቃ ሆኖ ይቀራል።

እንግዲህ ሰው ወደ ጽሕፈት አዳራሽ ሲገባ እንዴት ያለ ጠባይ ይያዝ? በመጀመሪያ አይቸኩል። በበሩ አጠገብ የተለጠፈውን መግለጫ አንብቦ ሥራውን ሳያይ የሚመለስ ብዙ ነው፤ ይህ የሠርጉን ጥሪ አንብቦ ከድግሱ እንደ መቅረት ነው። አስቀድሞ ገብቶ በመካከል ይቁም፤ መግለጫውን በኋላ ያንብብ። ሁለተኛ አካሉን ያስከትል፤ ወደ ግድግዳው ጠጋ ይበል፥ ወደ ኋላም ይበል፥ ዝቅ ብሎም ቀና ብሎም ይመልከት። ከሩቅ እንደ ሐረግ የታየው በቅርብ ፊደል ይሆናል፤ በቅርብ ፊደል የሆነውም ሲርቁት እንደ ሕዝብ ብዛት ይታያል። ሦስተኛ ማንበብ ስላልቻለ አይፈር። በሠሪው ፈቃድ የማይነበብ ጽሕፈት አለ፤ ደግሞ በማናውቀው ቋንቋ የተጻፈ አለ። በለገዳዲ መንገድ ላይ አንዱ ልጅ በላቲን ፊደል፥ ሌላው በግዕዝ ፊደል ትምህርቱን ይጀምራል፤ በቁርኣን ቤትም በእንጨት ሉሕ ላይ በዐረብኛ የሚጽፍ አለ። እነዚህ ሦስቱ ልጆች በአንድ አዳራሽ አብረው ቢቆሙ ከማንኛቸውም የሚቀር ነገር የለም፤ እያንዳንዱ ካለበት ያያልና።

አራተኛ ማየት በዓይን ብቻ እንዳልሆነ ያስታውስ። በሰበታ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት አለ። የዚያ ተማሪዎች ፊደልን የሚያውቁት በጣታቸው ነው፤ ለእነርሱ ጽሕፈት ከወረቀት ላይ ብቅ ያለ ነጥብ፥ የሚዳሰስ ነገር ነው። ጽሕፈት አካል አለው ስንል አንዳንዱ ነገሩን ምሳሌ ብቻ ያደርገው ይሆናል፤ ለእነዚህ ልጆች ግን የየዕለት እውነት ነው። ስለዚህ በጽሕፈት አዳራሽ የሚያዘጋጁ ሰዎች በጣት የሚነካ ጽሕፈትም ቢጨምሩበት፥ ሥራው ለብዙ ሰው የተመጠነ ይሆናል።

ይህን የተናገርነውን በዓይኑ ለማየት የሚፈልግ ሰው ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገውም። በስድስት ኪሎ በዩኒቨርሲቲው ግቢ ባለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ስብስብ ውስጥ የብራና ክታቦች ይገኛሉ። ከዚያ ብዙ ሳይርቅ የገብረ ክርስቶስ ደስታ ማእከል የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም አለ። በመካኒሳም በ2011 ዓ.ም. የተከፈተውና ኤልያስ ስሜና መስከረም አሰግድ ያቋቋሙት ዞማ ሙዚየም አለ፤ የጭቃው ግድግዳ ራሱ በቅርጽ ተሸልሞ ስለተሠራ፥ ጎብኚው ሥራውን ከውጭ ሆኖ ከማየት አልፎ በውስጡ ይመላለሳል። አስቀድሞ ክታቡን፥ ቀጥሎም የዛሬውን ሥራ በአንድ ቀን ያየ ሰው ስለሁለቱ ዝምድና ከኛ ንግግር ይልቅ ራሱ ብዙ ይረዳል።

ክቡራን አንባቢዎች፤ የራሱ ፊደል ያለው ሕዝብ ሁለት ሀብት አለው። አንደኛው በፊደሉ የተጻፈው ቃል ነው፤ ይህን በትምህርት ቤት እንማረዋለን። ሁለተኛው የፊደሉ መልክ ነው፤ ይህን ግን ቆሞ ካላዩት የሚያስተምር የለም። አባቶቻችን ጽሕፈትን በሰው ቁመት ለክተው፥ ማንበብ ለማይችለው ሰው እንኳ ስሙን ጽፈው ሰጥተውታል። የዛሬው ጠቢብ ደግሞ አንድ አዳራሽ ሙሉ ጽሕፈት አዘጋጅቶ በሩን ከፍቶ ይጠብቃል። የጎደለው ገብቶ የሚቆመው ሰው ብቻ ነው።